«ለልጅ ጥሩ ነው» ሂስ አይደለም

ባለፈው እትማችን «አዋቂ አድማጭ» በሚል የብዕር ስም የወጣውን አጭር ጽሑፍ ሳታነቡት አልቀራችሁም። ላላነበበ በአጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው በዕድሜ የጠኑ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ቤት ውስጥ ሌት ተቀን የምትሰማውን፣ የኦሊቪያ ሮድሪጎን «ሳወር» የተባለ አልበም (ኮምጣጣ እንደማለት ነው)፣ እስቲ ምን ቢኖርበት ነው ብለው ከዳር እስከ ዳር አደመጡት። ቀጥለው ፍርዳቸውን ሰጡን። ዘፈኖቹ ሁሉ ስለ አንድ ጎረምሳ ስለሆኑ ያሰለቻሉ፤ ድምፅዋ መቼም ደህና ነው፤ ለዕድሜዋ ግጥሙም ክፉ አይባልም፤ አንዳንዱን ከሌላ ወስዳዋለች ይባላል፤ በጠቅላላው ለልጅ ጥሩ ነው፤ ሙዚቃ ግን በእኛ ጊዜ ቀረ። አለቀ፣ ደቀቀ!

ጽሑፉ ጨዋ ነው። ስድብ የለበት፣ ቁጣ የለበት። እኔን ያናደደኝም ይኸው ጨዋነቱ ነው። ቢሰድቧት ይሻል ነበር። ስድብ እኮ ቢያንስ የሚሰደበውን ነገር ነክቶት ያልፋል። የእኚህ ሰው ምስጋና ግን እንደ ትልቅ ሰው መዳፍ የልጅቱን ራስ ዳበስ አድርጎ፣ ዘፈኑን ሳይነካ ሄደ።

እንግዲህ የምከራከረው በአንድ ነገር ላይ ነው። «ለዕድሜዋ» የሚል ቃል የተንጠለጠለበት ፍርድ ስለ ዘፈኑ የሚናገረው የለውም። የሚናገረው ስለ ፈራጁ ነው። እኔ ከዚህ በላይ ነኝ፣ ዝቅ ብዬ አየሁት፣ ደግ ስለሆንኩ አልፈዋለሁ ማለት ነው። ይኸ ምሕረት እንጂ ሂስ አይባልም። ምሕረት ደግሞ የሚሰጠው ለጥፋተኛ ነው። ልጅቱ ምን አጠፋች? በ17 እና በ18 ዓመቷ መዝፈኗ? መካኒክ መኪና ሥር ገብቶ ሲወጣ «ፍሬኑ ለልጅ መኪና ጥሩ ነው» ብሎ ያውቃል? ፍሬኑ ይይዛል ወይም አይዝም። ዘፈንም እንደዚያው ነው። ዜማው የቃሉን ጭነት ችሎ ይሄዳል፣ ወይም መንገድ ላይ ይጥለዋል። ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው የት ላይ እንደተሸከመ፣ የት ላይ እንደጣለ ያሳየን።

እኔ እንግዲህ 22 ዓመቴ ነው። በሕግ አዋቂ ነኝ፤ ስለዚህ የአዋቂ አድማጭ አስተያየት መስጠት እችላለሁ ማለት ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሊቪያ ሮድሪጎ በ2003 ካሊፎርኒያ ተወለደች። ሰው ያወቃት በዲዝኒ ተከታታይ ድራማ ስትጫወት ነው። በጃንዋሪ 2021፣ 18 ዓመት ሳይሞላት፣ «ድራይቨርስ ላይሰንስ» የተባለውን ዘፈን አወጣች፤ መንጃ ፈቃድ ማለት ነው። ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። አልበሙ በሜይ 21 ቀን 2021 ወጣ፤ 11 ዘፈን፣ ሁሉም ተደምሮ ወደ 35 ደቂቃ። በ2022 ሦስት የግራሚ ሽልማት ወሰደች። ሰንጠረዡንና ሽልማቱን ለመረጃ ያህል ነው የጠቀስኩት እንጂ ለማስረጃነት አላቀርባቸውም። ብዙ የተሸጠ ሁሉ ጥሩ ቢሆን ኖሮ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ የዓለም ታላቅ ግጥም በሆነ ነበር።

ወደ ዘፈኑ እንግባ። በአሜሪካ የከተማ ዳር ሰፈሮች ያለ መኪና የትም አይደረስም። ታክሲ የለ፣ በእግር የሚኬድበት የለ። ስለዚህ ለአንድ ልጅ መንጃ ፈቃድ ማለት ከወላጅ ቤት መውጫ ወረቀት ነው፤ የመጀመሪያው ነፃነት ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ ያለችው ልጅ ይኸን ወረቀት ከአንድ ልጅ ጋር ሆና ስታልመው ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ልጁ ሄዷል። አሁን መንዳት ትችላለች፤ የምትነዳው ግን በእሱ ሰፈር በኩል እያለቀሰች ነው። በሉ እንግዲህ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ይኸ ምስል ምን ይባላል? ወደ ተዘጋ በር ብቻ የሚያደርስ የነፃነት ወረቀት! አንድ የታወቀ ገጣሚ ቢጽፈው ኖሮ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ እንፈታው ነበር። 17 ዓመት ያልዘለላት ልጅ ስለጻፈችው «ግጥሙም ክፉ አይባልም» ተባለ።

አሠራሩንም አድምጡ። ዘፈኑ የሚጀምረው በመኪና ድምፅ ነው። በሩ ሲከፈት የምትጮኸዋ ደወል ትሰማለች፤ ፒያኖው ያንኑ የደወል ድምፅ ተቀብሎ ዜማ ያደርገዋል። ማንም ያልሰማው፣ በየቀኑ የሚጮህ የዕቃ ድምፅ የሐዘን መነሻ ሆነ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ላይ ዜማው አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከበሮው ይገባል፣ ጭብጨባው ይገባል፣ የአንዲቱ ልጅ ድምፅ በላዩ ላይ እየተደራረበ እንደ መዘምራን ይሆናል። በዚያ ሰዓት የምትናገረው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ያየቻቸውን መብራቶች፣ መንገዶች፣ የጋራ ትዝታዎች ትቆጥራለች። ከዚያ ሁሉ ነገር ድንገት ይረግፍና ብቻዋን ትቀራለች። ይኸን ያቀናበረው ዳን ኒግሮ የሚባል፣ በ1982 የተወለደ ሰው ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድ አዋቂ ነበረ ማለት ነው። እሱ «ለዕድሜሽ ጥሩ ነው» ብሏት ቢሆን ያ የመጨረሻው ክፍል ባልተሠራም ነበር እላለሁ።

«ብሩታል» የሚባለው የመክፈቻው ዘፈን ደግሞ ቀልድ ነው፤ አዋቂው አድማጭ ቀልዱን የሰሙት አይመስለኝም። በቫዮሊን ይጀምራል፤ ለስለስ ያለ፣ ትልቅ ሰው የሚያስለቅስ የፊልም ሙዚቃ የሚመጣ ይመስላል። ወዲያው በሻካራ ጊታር ይሰበራል። ዘፈኑ ለአዋቂ ጆሮ የተጠመደ ወጥመድ ነው! ከዚያ ልጅቱ የወጣትነት ዘመን ወርቅ ነው የሚሏትን ሁሉ እየተቃወመች ብሶቷን ትዘረዝራለች። ብሶቱ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ያመጣል፤ በራስ አለመተማመን፣ ጓደኛ ማጣት፣ መኪና በሁለት መኪና መሐል አስገብቶ ማቆም አለመቻል። አንዱ ከሌላው ጋር እኩል ሚዛን ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ይኸን ሲሰማ ይስቃል፤ ልጅ አይስቅም፤ በዚያ ዕድሜ እውነትም እኩል ይመዝናላ። ልጅቱ ግን ሁለቱንም ታውቃለች፤ ስታማርርም በራሷ ትስቃለች። ይኸ ብስለት ካልሆነ ብስለት ምንድነው?

«ኢነፍ ፎር ዩ» ላይ አንዲት ልጅ የወንድ ጓደኛዋን መጻሕፍት ታነባለች፤ ብልህ መስላ እንድትታየው ነው። ይኸን በሕይወቱ ያላደረገ የሥነ ሰብ ተማሪ እጁን ያውጣ! እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌአለሁ። «ጄለሲ ጄለሲ» ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፤ ባስ ጊታሩ መሬት ለመሬት እየሄደ፣ ስልክ ላይ የሰውን ሕይወት እያየ ራሱን የሚበላ ሰው ነገር ይነግረናል። በዚህ ግቢ ማታ ማታ አልጋ ላይ ተጋድሞ ይኸንኑ የማያደርግ ማን ነው?

ታዲያ እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ! መሐሉ ላይ ይንቀራፈፋል። «ሃፒየር» እና «ፌቨሪት ክራይም» ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቢቀር አልበሙ አይጎድልበትም። «ዋን ስቴፕ ፎርዋርድ፣ ስሪ ስቴፕስ ባክ» የተባለው ከቴይለር ስዊፍት ዘፈን በተወሰደ ፒያኖ ላይ ተቀምጧል፤ መበደሩ ሳይሆን ተበድሮ ምንም አለመጨመሩ ነው ችግሩ። የመጨረሻው «ሆፕ ዩር ኦኬ» ከራሷ ወጥታ፣ ቤተሰብ የበደላቸውን ልጆች ስታስብ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ሰዎቹ ግን ከሩቅ የታዩ ናቸው። «ድራይቨርስ ላይሰንስ» ላይ የመኪና በር ሳይቀር የሰማ ጆሮ እዚህ ላይ የፖስት ካርድ ቃል ይዞ መጣ። እነሆ ወቀሳ! አንድም ቦታ ላይ ዕድሜዋን አልጠቀስኩም። አያስፈልግማ።

አሁን ወደ አዋቂው አድማጭ ዋና ክስ ልምጣ፤ ሁሉም ስለ አንድ ጎረምሳ ነው ወደሚለው። በመጀመሪያ ነገር እውነት አይደለም፤ ከላይ ካነሣኋቸው ውስጥ «ብሩታል»፣ «ጄለሲ» እና «ሆፕ ዩር ኦኬ» ስለ ጎረምሳው አይደሉም። እሺ፣ ቀሪዎቹ ናቸው። ታዲያስ? ጋሼ፣ እርስዎ ትዝታ አይሰሙም? አንድ ሙሉ ቅኝት ያለን ሕዝብ ነን እኮ! ለሄደ ሰው፣ ለማይመለስ ሰው፣ ስሙ እንኳን ለማይጠራ ሰው የቆመ ቅኝት። ዘፋኝ ሁሉ ይዘፍነዋል፤ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ ያው ሐዘን፣ ያው ናፍቆት፣ ያው «ና ተመለስ»፤ እኛም ዓይናችንን ጨፍነን እንሰማለን። ትዝታ ላይ «ስለ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ያሰለቻል» ያለ ሽማግሌ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትልቅ ሰው ሲያደርገው ትዝታ፣ ልጅ ስታደርገው ልቅሶ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ?

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ተደብቋል። ክሱ የቀረበው በማንኛውም ልጅ ላይ አይደለም፤ በሴት ልጅ ላይ፣ ሴት ልጆች በሚሰሙት ነገር ላይ ነው። ጎረምሳ ስለ ኳስ ቡድኑ ሽንፈት ሳምንት ሙሉ ቢያወራ አዋቂው ቁጭ ብሎ ይከራከረዋል። ኮረዳ ስለ ልቧ ሽንፈት 35 ደቂቃ ብትዘፍን ግን በዛ! ይኸን ሚዛን ማን ሠራው?

ሁለተኛው ክስ ኩረጃ ነው። ይኼኛው ትንሽ እውነት ስላለው ላስፋው። «ዴጃ ቩ» ላይ ከቴይለር ስዊፍት ዘፈን የተወሰደ ነገር አለ ተብሎ፣ አልበሙ ከወጣ በኋላ እሷና አብረዋት የጻፉት ሰዎች በደራሲነት ተጨመሩ። «ጉድ ፎር ዩ» ላይም የፓራሞር ባንድ ሁለት ሰዎች እንደዚሁ ተጨመሩ። ስም ተጻፈ፣ ድርሻ ተሰጠ። አንድ ሰው ደግሞ የ«ብሩታል» ጊታር ከኤልቪስ ኮስቴሎ የ1978 ዘፈን የተነሣ ነው ብሎ ከሰሰ። ኮስቴሎ ራሱ ምን አለ? ምንም አይደለም አለ! ሮክ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እኔም ያንኑ ከቦብ ዲላንና ከቸክ ቤሪ ወስጄዋለሁ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ። በ1954 የተወለደ ሰው ነው፤ ከአዋቂም አዋቂ ነው። ዕቃው የእኔ ነው ማለት የሚችለው እሱ ሆኖ ሳለ አልከሰሰም፤ የሚከሱት ምንም ያልተወሰደባቸው ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን መንገድ ይዞ ሲነሣ ሌባ ይባላል? ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ ነው ጥያቄው። በዚህ ሚዛን «ብሩታል» ደርሷል፤ ያ የስዊፍቱ ፒያኖ አልደረሰም። ብያለሁ።

ደግሞስ፣ የልጆች ሙዚቃ የሚባለውን ማን ነው ሲሠራው የኖረው? ብሪትኒ ስፒርስ በ1998 የመጀመሪያውን ታላቅ ዘፈኗን ስትቀዳ 16 ዓመቷ ነበር። ዘፈኑን የጻፈው ማክስ ማርቲን የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ 27 ዓመቱ ነበር፤ ያስቀዳትም እዚያው ስቶክሆልም በሚገኘው ስቱዲዮ ነው። ዘፈኑ ከእሷ በፊት ቲ.ኤል.ሲ ለተባለው ቡድን ቀርቦ አልፈለጉትም። የአንዲት ልጅ የልብ ምስጢር ተብሎ ለዓለም የተሸጠው ነገር በአዋቂ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ፣ በአዋቂዎች ተሸምቶ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቱ አፍ ውስጥ የገባ ነው። ጥሩ ዘፈን ነው፣ አልክድም። ግን እዩት፤ ከዚያ በኋላ ይኸችው ልጅ ከ2008 እስከ 2021 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሞግዚት ሥር ኖረች፤ ስትዘፍንና ስታተርፍ ገንዘቧን የሚያዙት ሌሎች ነበሩ። አዋቂዎቹ ሠርተው፣ ሸጠው፣ ጠብቀው፣ በመጨረሻ «የልጆች ሙዚቃ ባዶ ነው» ይላሉ! ባዶ ከሆነ ባዶውን ያፈሰሰው ማን ሆነና? «ሳወር» ላይ ግን አብዛኛውን ቃል ልጅቱ ራሷ ይዛ መጥታለች፤ አዋቂው ተቀምጦ ረዳት። ይኸን ልዩነት ያልሰማ አዋቂ አድማጭ ምን ሰማ?

ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ሁለት አዋቂ አድማጮች ላስተዋውቃችሁ። በኖቬምበር 1963 ቢትልሶች ሁለተኛ አልበማቸውን አወጡ። ጊዜው የዛሬው ሙዚየም ያልሆነበት፣ ቢትልስ ማለት ኮረዶች እየጮሁ ራሳቸውን የሚስቱበት ነገር የነበረበት ጊዜ ነው። ትልቁ 23፣ ትንሹ 20 ዓመታቸው ነበር። በዲሴምበር 27 ቀን፣ ዘ ታይምስ በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ዊልያም ማን የተባለ የ39 ዓመት የሙዚቃ ሐያሲ ስለ እነሱ ጻፈ። ይኸ ሰው ኦፔራና ሲምፎኒ የሚዳኝ ነው። ምን አደረገ? አደመጠ። ከአልበሙ ውስጥ «ኖት ኤ ሰከንድ ታይም» የሚባለውን ዘፈን አንሥቶ አዘጋጉን ማህለር «የምድር መዝሙር» የተባለውን ሥራውን ከዘጋበት የድምፅ አካሄድ ጋር አነጻጸረው። ሁለት ወር ከአንድ ቀን ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1964 ፖል ጆንሰን የተባለ የ35 ዓመት ጸሐፊ ኒው ስቴትስማን በተባለው መጽሔት ላይ መልስ የመሰለ ነገር አወጣ። እሱ ምን አደረገ? ዘፈኑን ትቶ ልጆቹን ተመለከተ። በቴሌቪዥን ያያቸውን አድማጮች ፊት፣ አፍ፣ ልብስ ገለጸ፤ ቢትልስ የሚከተሉት የትውልዱ ደካሞች ናቸው አለ፤ እኛ በ16 ዓመታችን ቤትሆቨንና ሼክስፒር ላይ ነበርን አለ።

ልብ በሉ፤ ጆንሰን ከማን በአራት ዓመት ያንሳል። ስለዚህ ነገሩ የዕድሜ አይደለም። አንዱ የአዋቂነት ዕውቀቱን ወደ ዘፈኑ ይዞ ገባ፤ ሌላው አዋቂነቱን በሩ ላይ ቆሞ ተኮፈሰበት። በእርግጥ ማንም ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም፤ ሌነን ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳን ያ ሐያሲ የተጠቀመባቸው የሙያ ቃላት ምን እንደሆኑ አላውቅም እያለ ይስቅ ነበር። ይሳቅ። ማን የተናገረው ነገር ሸክላው ላይ አለ፤ መርፌውን አስቀምጦ መመርመር፣ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። የጆንሰንን ነገር ግን በምን ትመረምሩታላችሁ? የሞቱና ያረጁ ኮረዶችን ፊት?

የእኛ አዋቂ አድማጭ ከጆንሰን ይልቅ ደግ ናቸው፤ አልካድኩም። ደግነታቸው ግን ያው በር ላይ መቆም ነው፤ ጆንሰን በሩ ላይ ቆሞ ተሳደበ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ፈገግ አሉ።

ሦስተኛ ዓይነት አዋቂም አለ፤ እሱን ሳልነካ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። ወድዶ የሚያፍረው ነው። በፌብሩዋሪ 2021 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በተባለው የአሜሪካ የቀልድ ዝግጅት ላይ አንድ ጨዋታ ቀረበ። ጎልማሳ ወንዶች በመጠጥ ቤት ፑል ይጫወታሉ። አንዱ «ድራይቨርስ ላይሰንስ»ን ይከፍታል። መጀመሪያ ይኸ የልጅ ዘፈን ምንድነው ይባባላሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ መጨረሻ ላይ ያንን የተደራረበውን ክፍል በአንድ ድምፅ ይጮሁታል። አስቂኝ ነው። ግን የሚያስቀው ምኑ ነው? ጎልማሳ ወንድ በኮረዳ ዘፈን ማልቀሱ እንደ ገመና ስለሚታይ ነው። እዚህ ግቢም ሞልተውናል። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙትን በአፋቸው የሚክዱ! ከክፍል ሲወጡ ስለ ጃዝ ያወራሉ፤ ስልካቸውን ብትቀበሏቸው ሌላ ታሪክ ነው። እነዚህ «እኔ እንኳን ለመዝናናት ያህል ነው» ይላሉ። ይኸም ያው «ለልጅ ጥሩ ነው» ነው፤ ልጁ ራሳቸው ውስጥ ያለው ልጅ ሆኖ ነው እንጂ።

አሁን «ሙዚቃ በእኛ ጊዜ ቀረ» የሚለው። ጋሼ፣ የእርስዎን ጊዜ እወደዋለሁ፤ ስልኬ ላይ ሞልቶኛል። ግን ያ ጊዜ ሲሠራ ምን ይመስል ነበር? አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ነበር፤ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው የተባለበትን ሕግ ተዳፍሮ ነው የጀመረው። የመጀመሪያውን ሸክላ ያስቀዳው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። ዓለማየሁ ማለት ያኔ እንደ አሜሪካኖቹ እየለበሰ፣ ጠጉሩን እያሳደገ፣ «የሐበሻው ኤልቪስ» የተባለ ልጅ ነው። ኤልቪስ! ኩረጃ ማለት እንግዲህ ይኸ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዛሬ ግን ማንም ኩረጃ አይለውም፤ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» ተብሎ እየታተመ ዓለም ይሰማዋል፣ እኛም በኩራት እንጠቅሰዋለን። ዓለማየሁ በ2021 ሲሞት በየጋዜጣው የተጻፈው የታላቅ ሰው ታሪክ ነው። ወርቁ ዘመን የተባለው ነገር የወጣት ሙዚቃ ነበር፤ በወጣት ተቀድቶ ወጣት ሲጨፍርበት የኖረ። ያረጀው አድማጩ ነው።

ይኸን ሁሉ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ ለምን ታደርቀናለህ የሚል አይጠፋም። እሷማ የእኔ ጥብቅና አያስፈልጋትም፤ በ2023 «ገትስ» የተባለ ሁለተኛ አልበም አውጥታለች፤ ገንዘቡም ዝናውም አላት። የእኔ ጭንቀት ስለዚህች መጽሔት ነው። እዚህ የምንጽፍ ሁሉ ከ18 እስከ 23 ባለው ውስጥ ነን። ሥራችን ሲነበብ የሚሰጠን ቃል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ «ለተማሪ ጥሩ ነው»። ባለፈው ዓመት በአንድ የግጥም ምሽት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ወንድሟ ስደት ግጥም አነበበች። ሦስተኛው አንጓ ላይ ቤቱ ተሰብሮባት ነበር፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። አስተያየት ሰጪ ሆነው የተጋበዙት ሰው ተነሥተው «ለአንደኛ ዓመት በጣም ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባ! ያ የተሰበረ ቤት እስከ ዛሬ እንደተሰበረ ነው። ማንም አልነገራትም። ሁለተኛ ግጥም ጠይቄአት «እስክበስል» አለችኝ። እስክትበስል! በምን እሳት? ስህተቷን የነገራት የለ፣ የሠራላትን መስመር የጠቆማት የለ። የግጥሙ አራተኛ መስመር ግን፣ እምላለሁ፣ እዚህ ግቢ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ነበር፤ እሱንም ማንም አልነገራት።

ይኸንን ነው እንግዲህ ያ ጨዋ ቃል የሚያደርገው። ጥሩውንም መጥፎውንም አብሮ ይቀብራል። ጎበዟ ምኗ ጎበዝ እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች፤ ሰነፉም «ለዕድሜዬ ደህና ነኝ» ብሎ ይተኛል። ሰነፎቻችን መብዛታቸውን ደግሞ እዚህ ላይ ብናነሣው መሽቶብን ያድራል።

ስለዚህ ለአዋቂው አድማጭ በአክብሮት የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ጋሼ፣ አልበሙን እንደገና ይስሙት አልልም፤ ጊዜም ላይኖርዎት ይችላል። አንድ ዘፈን ብቻ ይስሙ፣ «ድራይቨርስ ላይሰንስ»ን፣ አራት ደቂቃ ነው። ያ ድምፁ የሚደራረብበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ያቁሙት። ተሸከመ ወይስ ጣለ? ጣለ ካሉ የት ላይ እንደጣለ ይጻፉልን፤ የትኛው ቃል ላይ፣ የትኛው ከበሮ ላይ። ዕድሜዋን ሳይጠቅሱ። የእርስዎንም ሳይጠቅሱ። በሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ እናስቀምጥልዎታለን፤ የልጅዎም መልስ ካለ ሌላ አንድ ገጽ።